የዘጠኝ ወር ስንቅ

አምሐ የሞተው እስር ቤት ውስጥ ነው፤ እስር ቤቱ ግን የውሸት ነበር።

ቦታው መካኒሳ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። የፊልም ሰዎች ለሦስት ወር ተከራይተውት፣ ግድግዳውን በጥላሸት አጥቁረው፣ በየበሩ ቁጥር ጽፈው፣ በደርግ ጊዜ የነበረ ወህኒ አስመስለውታል። የብረት በር ያላትን ጠባብ ዕቃ ቤት «ክፍል ሰባት» ብለዋታል። በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም.፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ካሜራቸውን ተሸክመው ሲመጡ የክፍል ሰባትን በር ከውጭ ተቀርቅሮ አገኙት። ሲከፍቱት አምሐ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። በስተቀኙ የከሰል ማንደጃ፣ ከፊቱ ባለ ሦስት ሳህን ምሳ ዕቃ። ትንፋሽ የለውም።

እኔና ሳጅን ሮበሌ ስንደርስ አንዱ ተዋናይ የእስረኛ ልብሱን እንደለበሰ ያለቅሳል፤ ሌላው የወህኒ ጠባቂ ካፖርት ለብሶ ያባብለዋል። የትኛው እውነት፣ የትኛው ጨዋታ እንደሆነ ለመለየት ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ።

ሐኪሙ ብዙ አልተቸገረም። «ከሰሉ ነው ያፈነው» አለ። «ክፍሏ መስኮት የላትም። ያቺን የአየር ቀዳዳ ደግሞ በስፖንጅ ደፍነዋታል። በሩ ከተዘጋ ሁለት ሰዓት ይበቃል።»

«አደጋ ነዋ?» አለ ሮበሌ።

«አደጋ ከውጭ አይቀረቅርም» አልኩት።

በሩን አገላብጬ አየሁት። የውስጥ ፊቱም ጥላሸት ተቀብቷል፤ ነካ ሲያደርጉት እጅ ያጠቁራል። አንድም የእጅ ምልክት የለበትም። የሟቹ መዳፍም ንጹሕ ነው። ሰው ታፍኖ ሊሞት ሲል በር አይደበድብም? ይህን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ምሳ ዕቃውንም ጻፍኩ፤ የላይኛው ሳህን ሽሮ ሙልጭ ተደርጎ ተበልቷል። ከምስሩና ከጎመኑ ሳህን ግን ከየጠርዙ አንዳንድ ቁራሽ ብቻ ነው የተነሳው። ምሳ ዕቃው የቀረጻው ንብረት ነው፤ እንደሱ ያሉ ስድስት አሉ፣ ማንም ሊያነሳው ይችላል ተባልኩ።

ከመጋዘኑ ደጃፍ ድንጋይ ላይ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ገበያነሽ ይባላሉ። በፊልሙ የእስረኛ እናት ሆነው እንዲታዩ ከሀና ማርያም ከመጡት አምስት ሴቶች አንዷ ናቸው።

«ዛሬ ቀረጻ የለም፣ እማማ። ወደ ቤትዎ ይሂዱ» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ» አሉኝ፤ ግን አልተነሱም። ደንግጠው ነው ብዬ አለፍኩ።

*

ዘበኛው ዳባ ስድሳ ያለፈው የላፍቶ ሰው ነው። መጋዘኑ መግቢያው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በዳባ እጅ ነው።

«ጋሽ አምሐ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይመጣል» አለኝ። «‹ላስታውስ› ይልና ክፍል ሰባት ገብቶ ብቻውን ይቀመጣል። ብርዱ ስለሚጠናበት ከሰል አቀጣጥዬ አስገባለታለሁ። በሩን ግን ወለል አድርጌ ነው የምተወው። ማርያምን!»

«ከዚያ ማን ገባ?»

«ማንም።»

«አንተስ ከበሩ ዞር አላልክም?»

«ንቅንቅ አላልኩም፣ አለቃ።»

«ማንም ካልገባ፣ ጋሽ ዳባ፣ የቀረቀርከው አንተ ነህ ማለት ነው።»

አፉን ከፍቶ ቀረ።

አዛዣችን ነገሩን ሲሰማ ደስ አለው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሰው በመግደል ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን አለ። ዳባ ስድስት ልጆች አሉት፣ ጠበቃ የለውም፣ በገዛ አፉ ደግሞ ገመዱን አጥብቋል። ከአምሐ ጋር ጠብ እንዳልነበረው ሁሉም ይመሰክራል። እኔ ገድሏል ብዬ አላመንኩም፤ አለማመኔ ግን ማስረጃ አይሆንለትም። ሽማግሌውን ከዚህ ጉድ ለማውጣት ያለኝ ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ነበር።

*

ስለ ፊልሙ ያልሰማ ሰው አልነበረም። «ከበሩ ወዲያ» ይባላል። አምሐ «ስድስት ዓመት ታስሬ ያየሁት» ብሎ ካሳተመው መጽሐፍ የተወሰደ እውነተኛ ታሪክ ነው ተብሎ ጋዜጦች ሁለት ወር ሙሉ ተነታርከውበታል። ያጣላቸው በታሪኩ ውስጥ ያለው ደግ ጠባቂ ነው። በር ላይ ቆሞ ስንቅ ይቀበላል፣ እናቶችን ያጽናናል፣ ለእስረኞች ያለቅሳል። ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች «ገዳዮቻችንን አቆነጀብን» ብለው መጋዘኑን በድንጋይ ደብድበውታል።

ዳይሬክተሩ ሚሳኤል ገና ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው። ሲጋራውን ሳይጨርስ ሌላ ይለኩሳል።

«ሐሙስ ዕለት ከአምሐ ጋር ተጣልተሃል» አልኩት።

«ማነው ያለው?»

«ያልነገረኝ የለም።»

«እሺ፣ ተጣልተናል። ‹ደጉን ጠባቂ አውጣው› አለኝ። ፊልሙን ግማሽ ካደረስኩት በኋላ! ‹እንደዚያ አልነበረም፤ እውነቱን እኔ ራሴ ካሜራ ፊት እናገራለሁ› ይለኛል። አብደሃል እንዴ ብዬ ጮህኩበት። አልገደልኩትም ግን።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ፒያሳ። ካሴት የሚያቀናብሩልኝ ቤት፣ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ።»

ሮበሌ ሄዶ አጣራ፤ ልጁ እውነቱን ነው። የአየር ቀዳዳውን ያስደፈነው ግን ራሱ ሚሳኤል ነው፤ የመንገዱ የመኪና ድምፅ ቀረጻውን እያበላሸ ቢያስቸግረው። ሐኪሙ ያለውን ስነግረው ሲጋራው ከእጁ ወደቀ። እስከ ዛሬም ስፖንጁ ይታየው እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን የዚያን ጊዜ ፊቱ ይታየኛል።

ድንጋይ ያስወረወሩት አቶ ቸኮል ናቸው። ራሳቸውም ታስረው ወጥተዋል፤ ሁለት ወንድሞቻቸው ግን አልወጡም። መርዶውን ስነግራቸው ጋዜጣቸውን አጠፉት።

«አላዝንም፤ ደስም አይለኝም» አሉ። «ወንድሞቼን የበሉትን መልአክ አድርጎ ጻፈልን። ምን ልበል?»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

ከኪሳቸው የጤና ጣቢያ ካርድ አወጡ፤ የደም ግፊታቸው ተጽፎበታል፣ የጠዋቱ ማኅተም አለበት። ነርሷም አልረሳቻቸውም፤ ወረፋ አልጠብቅም ብለው ሲጨቃጨቁ ነው ያረፈዱት።

ልወጣ ስል በር ላይ ያዝ አደረጉኝ። «ኢንስፔክተር አባይነህ፣ ከዚያ ወህኒ የወጣን ሰዎች እንተዋወቃለን። እሱን አውቀዋለሁ የሚል ሰው ግን አንድ እንኳ አላገኘሁም።»

የጥላቻ ወሬ ነው አልኩና ተውኩት። ሞኝ ነበርኩ።

*

እሁድ ጠዋት ለቅሶ ቤቱ ሄድኩ። ቤተልሄም የአምሐ አንድያ ልጅ ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት። ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደችኝና አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«ጠላት ነበረው?»

«አባዬ? ዝንብ አይነካም! እናቴ ስትሞት አምስት ዓመቴ ነበር። ብቻውን ነው ያሳደገኝ።»

«በታሰረ ጊዜ ማን ጋ ነበርሽ ታዲያ?»

ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ይህንን ለማንም እንዳይናገሩብኝ። አባዬ አልታሰረም። የሞተ ጓደኛውን ታሪክ ነው እንደ ራሱ አድርጎ የጻፈው። ‹ለእሱ መታሰቢያ ነው› አለኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። ያኔ ጥበቃ ነበር የሚሠራው፣ የሆነ መጋዘን።»

«የቱ መጋዘን?»

«እንጃ፤ ወስዶኝ አያውቅም። እኔ የማውቀው በዚያ በችጋር ጊዜ አንድ ቀን ተርቤ አለማደሬን ነው። ከሥራ ሲመጣ ምግብ ይዞልኝ ይመጣል፣ ‹መሥሪያ ቤት ነው የሚሰጡን› ይላል። የአንድ ፋሲካ ዶሮ ወጥማ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ። ሰባ አንድ መሰለኝ። እንቁላሉ አንድ ነበር፤ እሱ አልበላም፣ ለእኔ ሰጠኝ።» ይህን ብላ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች።

አጽናንቻት ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ። ዘበኛ ምሳና ዶሮ ወጥ የሚያበላ መጋዘን በሰባ አንድ ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም።

*

ጣቢያ የደረስኩት ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ የእስረኛ ስንቅ የሚገባበት ሰዓት። በሩ ላይ የዳባ ሚስት ሸዋረገድ ሳህኗን ይዛ ቆማለች። ተረኛው ፖሊስ ክዳኑን አነሳና «ቅመሺ» አላት። መርዝ እንዳይገባ ስንቅ ያመጣ ሰው ፊታችን ይቀምሳል፤ ደንብ ነው። ሸዋረገድ ከእንጀራው ጠርዝ ቁራሽ ቆርሳ ከወጡ አጥቅሳ ጎረሰች። ከጎመኑም ሌላ ቁራሽ። ከዚያ አስረከበች።

በየቀኑ የማየው ነገር ነው። የዚያን ቀን ግን እግሬ መሬቱ ላይ ተጣበቀ። ከየጠርዙ አንዳንድ ቁራሽ! ክፍል ሰባት ውስጥ ያየሁት ምሳ ዕቃ ከየሳህኑ ተቀምሶ ነበር። አምሐ አይደለም የቆረሰው፤ ያመጣው ሰው ነው። ለወዳጅ ምሳ የሚያደርስ ሰው ደግሞ እንዲህ አያደርግም። እንዲህ የሚያደርገው ወህኒ በር ላይ ዓመት ከዓመት የቆመ እጅ ብቻ ነው።

«አለቃ» አለችኝ ሸዋረገድ እንባዋን እየጠረገች፣ «መቼ ነው የሚለቀቀው? ላማችንን ከእሱ በቀር ማንም አያልባትም። ትናንትም አልቦ፣ ወተቱን ለሻይ ቤቶቹ አድርሶ በተመለሰ በሰዓቱ ነው የያዛችሁት።»

ዳባን አስጠራሁት።

«ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም አላልከኝም?»

አንገቱን ደፋ። «ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት አልነበርኩም። በየቀኑ ነው። ሥራ ጥሎ ይሄዳል ብለው ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ሰው ገደለ ከመባል ሥራ ጥሎ ሄደ መባል አይሻልህም?»

«ያንን ማን ያምናል ብዬ ነው? ሥራ መጣሌን ግን ሁሉም ያምናል» አለኝ። ልቆጣው ፈልጌ አቃተኝ።

አዛዡ ግን «የሚስት ቃል ነው፤ ደግሞስ ቀርቅሮበት ሄዶ ቢሆንስ?» ብሎ አልተቀበለኝም። ገዳዩን አምጣ አለ።

*

ሚሳኤልን ከቤቱ አስጠርቼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፦ እናት ሆነው የሚሠሩት አምስቱ ሴቶች ከየት መጡ?

«እውነተኛ እናቶች ናቸው። ያኔ ስንቅ ያመላለሱ። ትወና አስተምሬ ከምደክም ብዬ ነው።»

«የተጣላችሁት ሐሙስ ነው። የሐሙስን ካሴት አሳየኝ።»

የልምምድ ቀረጻ ነው። አምሐ የጠባቂውን ተዋናይ ስንቅ አቀባበል ያስተምራል። ሳህኑን በግራ እጁ ይዞ እንጀራውን በሽቦ ይወጋል፤ ደብዳቤ ተደብቆ እንደሆነ ሲፈተሽ ነው። እጁ ሳያይ ይሠራል። ከዚያ ተዋናዩን «ደህና ነው ወይ ብላ ስትጠይቅህ ዓይኗን አትይ» ይለዋል። «‹ጥርግ አድርጎ ነው የበላው፣ እናት› በላት። እንዲህ፣ ቀለል አድርገህ።»

«አቁመው» አልኩ። «በመጽሐፉ ክፍል ሰባት ከውጭው በር ሦስት ግቢ ይርቃል። እስረኛ እናቱ በር ላይ ምን እንደተባለች በየት በኩል ይሰማል?»

ሚሳኤል ስክሪኑን ነው የሚያየው። ከአምሐ ጀርባ አራት ሴቶች ወሬያቸውን ይዘዋል። አምስተኛዋ፣ እማማ ገበያነሽ፣ ክዳን በእጃቸው እንደያዙ ደርቀው ቀርተዋል። አምሐ ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ማስተማሩን እዚያው ላይ አቆመ። ካሴቱ እስኪያልቅ አሮጊቷ አልተንቀሳቀሱም።

*

ሀና ማርያም የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። እማማ ገበያነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«መጣህ» አሉኝ። «ትናንት ይጠይቀኛል ብዬ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩህ። ሂጂ አልከኝ።»

«ዳባ ታስሯል፣ እማማ።»

«የቱ ዳባ? ዘበኛው?» እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። «እሱ ደግሞ ምን አደረገ?»

«ማንም አልገባም ብሎ ዋሸ። ነገ ገዳይ ተብሎ ይቀርባል።»

«ኧረ በሞትኩት! እንዴት ያለ ጉድ ነው!» ሰፌዱን አስቀምጠው ነጠላቸውን ሳቡ። «ተነስ፣ እንሂድ።»

«መጀመሪያ ይንገሩኝ።»

መልሰው ተቀመጡ። ሮበሌ ቆቡን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

«ልጄን ማናዬን ሐምሌ አምስት ቀን ሰባ ነው የገደሉት። ይህን ያወቅኩት መንግሥት ተለውጦ ወረቀቱ ሲወጣ ነው። እኔ ግን እስከ ሰባ አንድ ፋሲካ ድረስ ስንቅ አመላልሻለሁ። ዘጠኝ ወር! በየቀኑ ‹ልጄ ደህና ነው?› እላለሁ። ያ ጠባቂ ፊቱን በሻርፕ ሸፍኖ ‹ጥርግ አድርጎ ነው የበላው፣ እናት› ይለኛል። ባዶውን ሳህን ይመልስልኛል። ደስ ብሎኝ፣ ነገ ምን ልሥራለት እያልኩ እሄዳለሁ። ለፋሲካ ቀሚሴን ሸጬ ዶሮ ገዛሁ። በማግስቱ ሌላ ጠባቂ ቆሞ ‹ከእንግዲህ አታምጪ› አለኝ።»

ትንፋሽ ወሰዱ።

«ማን ገደለው አላልኩም፤ ያማ ታወቀ። ወረቀቱ ከወጣ ወዲህ ሌሊት የሚያስነሳኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ማን በላው? ሐሙስ ያንን ድምፅ ሰማሁ። እሱም አየኝ፣ አወቀኝ።»

«ቅዳሜስ?»

«ስንቅ ሠርቼ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው፣ ዘበኛ የለም። ከቀረጻው ምሳ ዕቃ በአንዱ አድርጌ ገባሁ። ከየሳህኑ ቀመስኩና ፊቱ አስቀመጥኩለት። እጄ ለምዶ ነው። ‹አንተ ነህ?› አልኩት፤ ‹እኔ ነኝ› አለ። ‹የእስረኛውን ታሪክ ከየት አመጣኸው?› አልኩት፤ ‹በር ላይ ቆሜ የሰማሁት ነው› አለ። ‹የልጄን ስንቅ በላኸው?› አልኩት። ‹ልጄ ናት የበላችው› አለኝ።»

«ይህን አለ?»

«አለ። ‹እናት የሌላት ሕፃን ነበረችኝ። ልጅሽ መሞቱን ብነግርሽ ስንቁ ይቀርብኝ ነበር› አለኝ። አለቀሰ። ከዚያ ‹ልብላው?› አለ። ብላ አልኩት። አንዱን ሳህን ፊቴ ጨረሰ፤ ሌላው አልወርድ አለው። ‹ልጄ እንዳትሰማ› አለኝ። አልመለስኩለትም። ወጣሁና ቀረቀርኩ።»

«ከሰሉን አላዩትም፣ እማማ?» አልኳቸው። አላየሁም እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

«አይቼዋለሁ» አሉ። «ሲነድ አይቼዋለሁ። ስቀረቅርም ሰምቶኛል። ክፈቺልኝ ቢል እከፍት ነበር። በሩ ሥር ቆሜ ብዙ ጠበቅኩት፣ ልጄ። አንድ ቃል። ቢያንኳኳ እንኳ ይበቃኝ ነበር። አላንኳኳም። ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ተመልሼ መጣሁ።»

የንጹሑ መዳፍ ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር።

ሮበሌ የሚጠራላቸው ዘመድ እንዳለ ጠየቃቸው። ማንም የለኝም አሉ። ምስሩን ለጎረቤት ሰጥተው፣ በራቸውን ዘግተው መኪና ውስጥ ገቡ።

*

ሰኞ ጠዋት ዳባን ለቀቅነው። «ላሟ ሁለት ቀን በቅጡ አልታለበችም» እያለ እየሮጠ ወጣ። አዛዡ ደግሞ ወረቀቱን እንደገና ማስጻፍ ስላለበት ተነጫነጨ።

ለእኔ የቀረችኝ ቤተልሄም ናት። የአባቷ የመጨረሻ ቃል ልጄ እንዳትሰማ የሚል ነበር፤ የእማማ ገበያነሽ ቃል ግን ተጽፎ መዝገብ ገብቷል፣ ጋዜጦቹም ቀን ሳይሞላ ይሰሙታል። ከእነሱ አፍ ከምትሰማው ከእኔ ትስማው ብዬ አስጠራኋት። ጥቁር ለብሳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም፣ ምንም ሳልቀንስ ነገርኳት።

«አባቴን ገደለችው» አለች።

«አዎ።»

«ሲነድ እያየች።»

«አዎ።»

ቀጥሎ ስትናገር ድምጿ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነበር።

«ያ የፋሲካው... እንቁላሉ...»

«የእሳቸው ነው» አልኳት። «ሁሉም የእሳቸው ነው፤ ዘጠኙም ወር።»

«ይቅር አልላትም» አለች። «ይህን ይጻፉልኝ። ይቅር አልላትም።»

«ማንም አላስገደደሽም።»

ተነስታ በር ድረስ ሄደች። እጀታውን ይዛ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ቆመች።

«ሰው አላት?»

«ማንም የላቸውም።»

«ስንቅ የምትቀበሉት በስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ሰዓት ላይ» አልኳት።

ሰዓቷን አየች። ከአራት ሰዓት ጥቂት አልፏል። ሳትሰናበተኝ፣ እየተቻኮለች ወጣች።